ኬኩን የጣለው በሩ አይደለም

«ኬኬ መሃሉ የሰረጎደው የኦቨኑን በር ስለከፈትኩ ነው» ብለሻል። ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ በሩ ግን ያለ ጥፋቱ ነው የሚወቀሰው። እርግጥ ሊጡ ገና ፈሳሽ እያለ ደጋግመሽ ከከፈትሽው ይጎዳል። አንቺ የከፈትሽው ግን ሊወጣ ሲል ነው። የረጋን ኬክ አንዴ አጮልቆ ማየት አይጥለውም።

እኔን ያጠራጠረኝ «ላዩ አርሮ ታቹ ነጭና እርጥብ ሆነ» ያልሽው ነው። ባዶውን ኦቨን አብሪውና ገና ሲሞቅ በመስታወቱ እዪ። የላይኛው ማሞቂያ ቀልቶ የታችኛው እንደጠቆረ ከቀረ፣ ወይም ያበጠና የተሰነጠቀ ቦታ ካለው፣ አለቀለት። ሙቀት መጨመር ላዩን ከማሳረር ሌላ ፋይዳ የለውም።

ሁለቱም ከቀሉስ? ያኔ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ክፍል፣ ጠርጥሪ። ቁልፉ 180 ስላለ ውስጡ 180 ነው ማለት አይደለም። ትንሽ ስኳር ፎይል ላይ አድርገሽ በ190 ዲግሪ 15 ደቂቃ ተዪው። ስኳር 186 አካባቢ ላይ ይቀልጣል። እንደገባ ደረቁን ከወጣ፣ ኦቨንሽ ከሚለው በታች ነው የሚሞቀው። ማሞቂያ መቀየሩን ለባለሙያ ተዪው፤ እስከዚያው ሶኬቱን ንቀዪ።