«የሽማግሌ በሽታ ነው» ለሚለው
አንድ ጽሁፍ ላይ የሂስቶፕላዝሞሲስ (ፈንገስ በትንፋሽ ሲሳብ የሚመጣ የሳንባ በሽታ) ቆዳ ምርመራ ፖዘቲቭ የሚሆነው በብዛት ትልልቅ ሰው ላይ ስለሆነ የሽማግሌ በሽታ ነው የተባለው ልክ አይደለም። ምርመራው የሚያሳየው ሰውየው በዕድሜው አንዴ ፈንገሱን መሳቡን እንጂ ዘንድሮ መታመሙን አይደለም፣ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የተጋለጠው ሰው እየተጠራቀመ ይሄዳል በቃ። አሁን ስርጭቱ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ህፃናቱን ይይ፣ የ5 ዓመት ልጅ ፖዘቲቭ ከሆነ የሳበው ባለፉት 5 ዓመታት ነው፣ የ60 ዓመቱ ግን መቼ እንደሳበው በምን ይታወቃል? እኔ ራጅ ክፍል ነው የምሰራው፣ ሳንባው ላይ ትንንሽ ጠጠር የመሰለ ነጭ ነጥብ (ፈንገሱ ትቶት የሚያልፈው ጠባሳ) ጣል ጣል ያለበት ሰው አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም ይላል። በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥም ይሄንኑ ጠባሳ ቲቢ ነው ሲሉ ከርመው የቲቢው ምርመራ ኔጌቲቭ፣ የሂስቶፕላዝሚኑ (ያው የሂስቶፕላዝሞሲሱ ቆዳ ምርመራ) ፖዘቲቭ ሲሆን ነው የነቁት።