ቁልፍ ተረከባችሁ ማለት ሱቅ ያዛችሁ ማለት አይደለም

ወገኖቼ፣ «ይህ ሱቅ ይተላለፋል» የሚል ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ ስታዩ ምን ያስቸኩላችኋል? የዓመታት ጥሪታችሁን ለማታውቁት ሰው ቆጥራችሁ ከመስጠታችሁ በፊት፣ የሚሸጥላችሁ ነገር በእርግጥ የእሱ መሆኑን ለምን አትጠይቁም?

ቤቱ የእሱ አይደለም፤ እሱም እንደ እናንተው ተከራይ ነው። ያለው ከአከራዩ ጋር የተዋዋለው ጊዜ ነው፤ ያም በየቀኑ እያለቀ ነው። የ36 ወር ውል የቀረው ሱቅና የ8 ወር ውል የቀረው ሱቅ የማስተላለፊያ ዋጋቸው እኩል ቢሆን፣ ሁለተኛውን የያዘ ሰው ለቀረው ለእያንዳንዱ ወር የመጀመሪያውን አራት እጥፍ ተኩል ይከፍላል። ይህን ሳታሰሉ «ቦታው ገበያ አለው» በሚል ቃል ብቻ ትከፍላላችሁ።

አንዲት እህት አውቃለሁ። ገንዘቡን ከፍላ፣ ግድግዳውን ቀለም አስቀብታ ሥራ ጀመረች። በሦስተኛው ወር አከራዩ መጡና «አንቺ ማነሽ?» አሏት። ውሉን አውጥተው አሳዩአት፤ ተከራዩ ያለ ፈቃዳቸው ለሌላ ማስተላለፍ እንደማይችል ከፊርማው በላይ ተጽፏል። የኪራዩ ዘመንም ሊያበቃ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። እሷ የያዘችው ደላላው የሞላላትን አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ያቺን ወረቀት ስታጥፍና ስትዘረጋ አጠገቧ ነበርኩ።

ማንበብ አቅቷት አይደለም። «ውሉን አሳየኝ» ማለት ሰውየውን መጠርጠር መስሏት ነው። ይህ ይሉኝታ ነው የሚያከስረን! ውሉን ለማሳየት የሚያቅማማ ሰው ቢቀየም ይቀየም፤ ምን ቀረባችሁ?

ደግሞ የምትከፍሉት ለምን እንደሆነ ለዩ። መደርደሪያው፣ የቀረው ሸቀጥ፣ የለመደው ደንበኛ፣ የቀረው የኪራይ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የራሱ ዋጋ አለው። በአንድ ድምር ሲነገራችሁ አትቀበሉ። ግድግዳ ላይ የተቸነከረው ሁሉ የአስተላላፊው ላይሆን ይችላል፤ አከራዩን ጠይቁ። ደንበኛውማ ሰውየው ሁለት በር አልፎ ሌላ ሱቅ ከከፈተ ተከትሎት ይሄዳል፤ እዚያው አካባቢ ያንኑ ንግድ እንዳይከፍት በጽሑፍ ካላስፈረማችሁት ለባዶ ነው የከፈላችሁት። የመብራትና የውሃ ውዝፍም አለ። የንግድ ፈቃዱም በሰውየው ስም የወጣ ነውና ከቁልፉ ጋር አብሮ ይመጣል ብላችሁ አትቁጠሩ።

እናንተ አስተላላፊዎችስ? አከራዩ ልቀቅ እንዳላችሁ እያወቃችሁ፣ ያንን ደብቃችሁ የሌላውን ጥሪት የምትወስዱ፣ ነገ ልጆቹን ምን እንደሚያበላ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ገበያ ማጣታችሁ አሳዝኖኛል፤ ክስረታችሁን በሌላ ጫንቃ ላይ ስታራግፉ ግን ዝም አልልም። ደላላውም ድርሻውን የሚያገኘው ገንዘቡ እጅ ሲለውጥ ነውና «ቶሎ በል፣ ሌላ ሰው እየመጣ ነው» ቢላችሁ አትደንግጡ።

አከራዩ፣ ነባሩ ተከራይና እናንተ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። አከራዩ በስማችሁ አዲስ ውል ይፈርሙላችሁ። በነባሩ ተከራይ ውል ሥር የእሱ ተከራይ ብቻ ሆናችሁ ከገባችሁ፣ እሱ ኪራይ ባጓደለ ቀን እናንተም አብራችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ። ነባሩ ያስያዘው ማስያዣ ለማን እንደሚመለስ ይጻፍ። ከማስተላለፊያው ገንዘብ ከፊሉን ያዙና፣ ዕቃው ተቆጥሮ ውዝፉ መከፈሉን በደረሰኝ ስታዩ ቀሪውን ስጡ።