ቅኔው በአብሾ፣ ብረቱ በቡዳ

በእኛ በጎጃም አንድ ሰው ቅኔ ሲሰምርለት «አብሾ ጠጥቶ ነው» ይባላል፤ አብሾ አእምሮ ይከፍታል የሚባልለት ዕፅ ነው። ባለፈው ክረምት ቢቸና አካባቢ ዘመድ ልጠይቅ በሄድሁበት ጊዜ ይህን አባባል ደጋግሜ ሰማሁትና ከልቤ ተናደድሁ። እሑድ ማሕሌት ላይ አንድ ወጣት መወድስ የሚባለውን የቅኔ ዓይነት ተቀኝቶ ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» ሲሉለት ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ወዲያው ያችኑ አብሾ አነሳ። ያ ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር እየታገለ ነው ያደገው። ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት መወድስ እስኪሞላ ድረስ የቆጠረውን መምህሩ ሲያርሙበት፣ ሲጥሉበት፣ እንደገና ሲያስቆጥሩት ኖሯል። ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ዕፅ ተሰጠ!

በዚያው ሰሞን የአጎቴን ማረሻ ይዤ ቀጥቃጩ ዘንድ ሄድሁ። ልጁ ወናፍ ይነፋል፤ አባትየው የፍሙን ግለት በዓይኑ ብቻ ለክቶ፣ ብረቱ ሊገረጣ ሲል አውጥቶ ይቀጠቅጣል። የተበላውን ጫፍ ሲያስረዝመው ቆሜ አየሁ፤ መጋጠሚያው የት እንደሆነ ፈልጌ አጣሁት። ቤት ስደርስ አክስቴ ያሉኝ «እሱ ፊት ምንም አልበላህም አይደል፣ ልጄ?» ነው። የአገሩ እርሻ ሁሉ በዚህ ሰው እጅ አልፎ ወደ ማሳ ይገባል፤ እኛ ግን ሙያውን ቡዳ፣ ዘሩን የማይጋቡት አጥንት ብለነዋል።

እኔ በምኖርበት በጀርመን፣ ሙኒክ ይህን ሥራ ለመማር 3 ዓመት ከ6 ወር ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ማይስተር የሚባለውን ማዕረግ ያገኘ ሰው የራሱን ወርክሾፕ ከፍቶ ተማሪ ይቀበላል፤ የምስክር ወረቀቱንም ደንበኛ በሚያየው ቦታ ይሰቅለዋል። ለብረት ሠራተኛ ልጄን አልድርም የሚል አባት እስካሁን አልገጠመኝም።

እዚህ ላይ ጀርመኖችን አመስግኜ ባበቃ ደስ ባለኝ። ግን ልጄ አራተኛ ክፍልን ጨረሰች። ሙኒክ ባለችበት በባቫሪያ ግዛት የ10 ዓመት ልጅ በጀርመንኛ፣ በሒሳብና በአካባቢ ትምህርት አማካይ ውጤቷ 2.33 ወይም ከዚያ የተሻለ ካልሆነ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ወደሚያደርሰው ጊምናዚየም ለመግባት ሌላ ፈተና ይጠብቃታል። በእነሱ አቆጣጠር ትልቁ ውጤት 1 ነው፤ የእኔ ልጅ 2.66 አመጣች። መምህርቷ በትሕትና «እያንዳንዱ ልጅ የየራሱ ተሰጥኦ አለው» አለችኝ። የእኔ ልጅ ተሰጥኦ ምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም፤ የነገረችኝ የት እንደማትደርስ ነው። ኋላ መሻገሪያ መንገድ አለ፤ አውቃለሁ። ያን ዕለት ማታ ልጄ «አባዬ፣ እኔ ሰነፍ ነኝ?» ስትል የጠየቀችኝን ግን የትኛው መሻገሪያ ከልቧ ያወጣላታል?

በጎጃም የዲማ ወይም የዋሸራ የቅኔ መምህር ልጅን በ10 ዓመቱ እንዲህ አይቆርጡበትም። ጉባኤ ቃና ላይ የከረመ ተማሪ እስኪገባው ይከርማል። ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤም የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሀዲስ ዓለማየሁም ደብረ ኤልያስ ቅኔ ሲማሩ ማን የት እንደሚደርስ አስቀድሞ የወሰነ አልነበረም። ተሰጥኦ ከተሠራበት በኋላ እንጂ ከመሠራቱ በፊት አይታወቅም፤ ይህን የቅኔ ቤታችን ያውቃል። የሚያሳዝነኝ ከቅኔ ቤቱ ደጅ ወጣ ስንል መርሳታችን ነው። ሙኒክ በነጥብ አስቀድሞ ይፈርዳል፤ እኛ በአጥንት። ነጥብ እንኳ በፈተና ይሻሻላል።

ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ያ ወናፍ የሚነፋው ልጅ ከልጄ ጋር እኩያ ነው። ትምህርት ቤት ከእሱ ጋር አንድ ዴስክ ላይ መቀመጥ የሚፈልግ ልጅ እንደሌለ አባቱ ማረሻውን እያቀበለኝ ነገረኝ። እዚያ አካባቢ ያላችሁ ወላጆች፣ መስከረም ላይ ልጆቻችሁን ወስዳችሁ አጠገቡ አስቀምጡልኝ።