የእንጨት ማርሽ ያለው ሰዓትና የእናታችን በርጩማ

በምኖርበት በአሜሪካ የኮነቲከት ግዛት ከአንድ ሟች ቤት ዕቃ ጋር ለሽያጭ የቀረበ፣ የውስጥ ማርሾቹ ከእንጨት የተሠሩ የመደርደሪያ ሰዓት አይቼ ልግዛው ወይስ ልተወው እያልኩ ረጅም ጊዜ መረመርኩት። ይህ ዓይነቱ ሰዓት የተስፋፋው ከዚሁ ግዛት ነው። በፕሊመዝ አካባቢ ይሠራ የነበረው ኢላይ ቴሪ በ1807 እ.ኤ.አ. 4,000 የእንጨት የሰዓት ሞተር በሦስት ዓመት ውስጥ ለማስረከብ ተዋውሎ ፈጸመ፤ በ1816 ደግሞ ለመደርደሪያ ሰዓቱ የፈጠራ መብት አገኘ። የናስ ሰዓት የማይቀመስበት ገበሬም ሰዓት ቤቱ አስገባ። በ1830ዎቹ መጨረሻ ግን ርካሽ ናስ መጣና የእንጨቱ ዘመን አበቃ።

ሻጩ የሰዓቱን በር ከፍቶ በባትሪ አበራልኝ። የቼሪ እንጨቱ ማርሽ በዕድሜ ጠቁሯል፤ ከጥርሶቹ መካከል ሁለቱ ብቻ ነጣ ብለው ይታያሉ። እኔ ሳልጠይቀው፣ «እነዚህ ሁለቱ የተተኩ ናቸው፤ በበሩ መስታወት ላይ ያለው ሥዕልም የኋላ ሥራ ነው፤ ዋጋውን የቀነስኩት ለዚህ ነው» አለኝ። በሳጥኑ ጀርባ ውስጥ የሠሪው ስምና የአጠቃቀም መመሪያ የታተመበት ወረቀት ቡኒ ሆኖ እንደተለጠፈ አለ። ሞተሩ ከሌላ ሳጥን የመጣ እንዳይሆን ትርፍ የሚስማር ቀዳዳ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ሰዓቱን በክብደታቸው እየጎተቱ የሚያስኬዱትን ብረቶችም በእጄ መዘንኳቸው፤ ከልኩ የከበደ ብረት የእንጨት ጥርስ ይሰብራልና።

ያን ጊዜ የእናታችን የጅማ በርጩማ ትዝ አለኝ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ መቀመጫው በስንት ዓመት መቀመጥ የለሰለሰና የጠቆረ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ስሄድ ለአናጺ ሰጠሁት፤ ሰውየው በቅንነት ፍቆ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ «አዲስ አስመስዬልሃለሁ» ብሎ መለሰልኝ። እኔም አመስግኜ ከፈልኩ። እኛ ዘንድ ይህ ምስጋና ነው፤ አሮጌን ዕቃ ማክበር ማለት ማደስ ነው ብለን አድገናልና። እዚህ ግን በአሮጌ ዕቃ ገበያ ያው ቃል ዋጋ ያወርዳል፤ የሚፈለገው ያልተነካው ነው፤ ከተነካም የቱ ጋ እንደተነካ መናገር የሻጩ ግዴታ ተደርጎ ይታያል። በዚህ ረገድ የእነሱ ልማድ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። እናቴ የተቀመጠችበትን ጥቁረት ማንም መልሶ ሊቀባው አይችልም።

ሰዓቱን ገዛሁት። በ30 ሰዓት ውስጥ ስለሚያልቅ በየማታው እሞላዋለሁ። ስለ ሁለቱ ጥርሶችና ስለ መስታወቱ ሻጩ የነገረኝንም በወረቀት ጽፌ ከአሮጌው ወረቀት በታች አኑሬዋለሁ።