ገመድ የያዘው ልጅ

ወንድምዓለም፣ እታለም፣ ዛሬ የምናገረው ለእኛው ለጎጃሞች ነው። ቢከፋችሁም እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እኛ እኮ የሰው ልጅ አብልተን ያስተማርን ሕዝብ ነን። ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ዲማ፣ ወደ ጎንጅ፣ ወደ መርጡለ ማርያም ከየአገሩ የመጣው የቆሎ ተማሪ ማን አበላው? ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ውሻውን በዱላ እየመከተ በደጃችን ይቆማል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። እናቶቻችን ከዳጉሳው እንጀራ ቆርሰው ይሰጡታል። ውሻውን ሆን ብሎ የማይዝ ሰው መቼም አይጠፋም ነበር፤ ቢሆንም ልጁ በልቶ ተማረ። በኋላ የትምህርት ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሱት ሀዲስ ዓለማየሁም መጀመሪያ የተማሩት እዚሁ ጎጃም፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ነው።

ያ ሕዝብ ዛሬ የገዛ ልጁን ከክፍል ያስቀራል።

ወሬ ሰምቼ አይደለም። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተምሬያለሁ። ሰኞ ስም ስጠራ ክፍሉ ግጥም ያለ ነው። የገበያ ቀን ግን ግማሹ ወንበር ባዶ ይሆናል። «ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ» እያልኩ ስጽፍ እጄ ይደክም ነበር። የጤፍ አጨዳ ሲደርስማ ባይነሳ ይሻላል።

አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ነበረኝ። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ነው የሚይዘው፤ አንድም ገጽ አልተጨማደደም። ከላይ ቀኑን ጽፎ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርበታል። አንድ ቀን ደብተሩን ገለጥኩት። ሰኞ አለ፣ ማክሰኞ የለም። ረቡዕ አለ፣ ከዚያ ሳምንት ሙሉ ምንም የለም። ማካፈል የጀመርንበት ቀን የለም፣ የጨረስንበት ቀን ግን አለ። «የት ነበርክ?» አልኩት። «አባዬ በግ ያዝልኝ ብሎኝ» አለኝ። የበጉን ዋጋና የተመለሰውን ብር ጠየቅኩት። ሳያመነታ ነገረኝ። ልጁ ጭንቅላት ሳይሆን ማክሰኞ ነው የጎደለው።

ቆይቶ ወደ ኋላ ወንበር ሸሸ። እጁን ማውጣት ተወ። ከዚያ በየጠዋቱ «ሆዴን አመመኝ» ማለት ጀመረ። ቤተሰቡ «ሰነፈ» አለ። ያልገባው ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ልጅ እኮ ሆዱን የሚያመው እውነቱን ነው። ፍርሃትና ኀፍረት ሆድ ውስጥም ይሰማል። እኛ ግን ዳማከሴ ጨምቀን ሰጠነውና ወደ በጎቹ መለስነው።

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ሁላችንም ጮኸናል። በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። መንግሥትን ወቀስን፣ መምህሩን ወቀስን። ይወቀሱ፣ ድርሻ አላቸው። ግን ያ ልጅ የወደቀው ፈተናው ቀን ነው ወይስ ማካፈል የተጀመረ ዕለት?

«ጦርነቱስ?» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ስንቱ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንቱ እንደፈረሰ ለእናንተ አልነግርም። መሣሪያ የያዘ ሁሉ፣ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ ከትምህርት ቤት ግቢ ይውጣ። ይህን ደጋግሞ ማለት አለብን። ነገር ግን የገበያውን ቀን ጦርነቱ አላመጣውም፤ ቀድሞም ነበረ። በሩ በተዘጋበት ቀበሌም ቢሆን ፊደል የቆጠረ አንድ ታላቅ ወንድም አይጠፋም። ከዋርካ ሥር አምስት ልጅ ሰብስቦ ቢያስነብብ ማን ይከለክለዋል? የቅኔው ጉባኤስ ድሮ በሕንፃ ነበር እንዴ?

ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። ሕጉ 18 ዓመት ይላል። እናንተ «ደርሳለች» የምትሉት በ14 ነው። ትምህርት ቤት ስትቀር መጀመሪያ የሚመጣው ሽማግሌ ነው። ክፍል ውስጥ ያለች ልጅ ስትጠፋ ግን ጓደኞቿ ይጠይቃሉ፣ መምህሯ ይጠይቃል። ቤት የዋለችውን ማን ይጠይቅላት?

ከተማ ያለነውም አንኩራ። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ያለን ወላጆች የምናውቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ብቻ ነው። ካርዱን አይተን ወይ ጫማ እንገዛለን ወይ ቀበቶ እንፈታለን። ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ በእረፍት ሰዓት ምን እንደሚጫወት፣ ማንን እንደሚፈራ አንጠይቅም። ለወላጅ ስብሰባ ሲጠሩን ሠራተኛዋን እንልካለን። እኔም ልኬ አውቃለሁ።

እንግዲህ በሚቀጥለው የገበያ ቀን በግ ልትገዛ ስትሄድ፣ ገመዱን የያዘ ልጅ ታገኛለህ። ስለ በጉ ከመጠየቅህ በፊት ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ጠይቀው። ጮክ ብለህ ጠይቀው። አባቱ እዚያው አጠገቡ ቆሟል።