ዕጣው ከወጣ በኋላ

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ወንድሜ «እማዬ ኮንዶሚኒየም ደረሳት!» ብሎ ሲደውልልኝ እዚህ ቨርጂኒያ ሌሊት ነበር። እናታችን የተመዘገበችው በ1997 ነው። 14 ዓመት ሙሉ ከጡረታዋ እየቆነጠረች ቆጥባለች። የጎረቤቶቿ እልልታ በስልኩ ውስጥ እየተሰማኝ አብሬ አለቀስኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ግን ስልኩ ለሌላ ጉዳይ ይጮህ ጀመር። ወንድሜ «ቤቱ ይከራይና በኪራዩ ጋራዥ ልክፈት» አለ። እህቴ ሁለት ልጅ ይዛ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት የምትንከራተት ናት፤ «እኔ ልግባበት» አለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። እማዬን ግን የጠየቃት አልነበረም። ስጠይቃት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔማ እድሬን ጥዬ ዳር ከተማ ምን ልሠራ? ስሞት ማን ድንኳን ይተክልልኛል?» አለችኝ። 14 ዓመት አብረን ስለት የተሳልንበት ቤት ለካ በየልባችን የተለያየ ቤት ነበር።

ሰሞኑን እዚሁ ጎረቤቶቼ ቤት ያንኑ አየሁ። ባል ታክሲ ይነዳል፣ ሚስት በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። 30 ሰው በወር አንድ አንድ ሺህ ዶላር የሚጥልበት እቁብ ደረሳቸው። እሱ ደብረ ብርሃን የጀመረውን ቤት መጨረስ ይፈልጋል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሃምሳ ምናምን ብር የነበረው ዶላር መቶን አልፏል፤ 30 ሺሁ በእሱ ስሌት ከሦስት ሚሊዮን ብር በላይ ነው። እሷ ደግሞ «ሲሚንቶውና ብረቱስ በድሮው ዋጋ ነው እንዴ?» ትለዋለች። የምትፈልገው እዚሁ ለቤት መግዣ ቅድሚያ ክፍያ እንዲሆን ነው። «ልጆቼ ያሉበት አገሬ ነው» አለችኝ፣ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እየተከደነ።

ሰው «ገንዘብ ገባና ተጣሉ» ይላል። እኔ አልስማማም። ገንዘብ በሌለበት ማን ምን እንደሚመኝ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም የወሩን ኪራይ ሲያሳድድ አንድ ሐሳብ ያለው ይመስላል።

አገር ቤት የእኛ ነገር ሽማግሌ ፊት ቀረበ። የእማዬ የንስሐ አባትና የእድሩ ዳኛ ተቀምጠው ሁሉንም በየተራ አናገሩ። ወንድሜ መጀመሪያ አፍሮ ነበር፣ በኋላ ግን የጋራዡን ነገር እንባ እየተናነቀው ተናገረ። ቁልፉ ሲገኝ እህቴ እንድትገባ፣ ለወንድሜም በየወሩ አቅሟ የፈቀደውን እንድትሰጠው፣ እማዬ ከሰፈሯ እንዳትነቀል ተባለ። ወንድሜ ዛሬም ቅር ይለዋል፤ ቢሆንም የሆዱን ተናግሮ ተሰምቷል።

እዚህ ግን አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ባልና ሚስቱ ስለ 30 ሺህ ዶላር የሚነጋገሩት በስልክ መልእክት ነው። ቼኩ የማርያም ሥዕል ሥር በፖስታው እንዳለ ሁለት ሳምንት ተቀምጧል። ባለፈው ቅዳሜ ትልቋን ልጃቸውን ከቤተ ክርስቲያን በመኪና ስመልሳት፣ ነርሲንግ ለመማር ብድር ልትወስድ እንደሆነ ነገረችኝ። ለእናት አባቷ ነግራቸው እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እኔን የጠየቀኝ የለም» አለች።

የእማዬ ድምፅ መሰለኝ። እሑድ ሁለቱም ከሥራ ያርፋሉ። ቡና አፍልቼ ልጠራቸው ነው፤ ልጅቷንም ጭምር።