የሃይድንን ኦፔራ ከልዑሉ ግቢ እናውጣው

ቦናፌዴ የሚባል ሀብታም ሽማግሌ ቴሌስኮፕ ላይ አጎንብሶ ጨረቃን ያያል። ያየ ይመስለዋል እንጂ የሚታየውስ አታላዩ ኮከብ ቆጣሪ ኤክሊቲኮ ያዘጋጀለት ምስል ነው። ሦስት ጊዜ ያያል፤ ሦስት ጊዜም እየተጣደፈ መጥቶ ያየውን ይናገራል። እኛ ተመልካቾች ግን ምንም አናይም። እሱ ዓይኑን በደቀነ ቁጥር ዘፈኑ ይቆምና ኦርኬስትራው ብቻውን ይጫወታል። ጨረቃዋን የምናያት በጆሯችን ነው።

ይህ ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆሴፍ ሃይድን በጣሊያናዊው ጸሐፌ ተውኔት በካርሎ ጎልዶኒ ጽሑፍ ላይ ሙዚቃውን የደረሰለት «የጨረቃ ዓለም» የተሰኘ አስቂኝ ኦፔራ፣ ማለትም በዘፈን የሚተወን ድራማ ነው። በ1777 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሃንጋሪ፣ በኤስተርሃዛ ቤተ መንግሥት፣ ለልዑል ኒኮላውስ ኤስተርሃዚ ልጅ ሰርግ ቀረበ። ቲያትር ቤቱ የልዑሉ፣ ዘፋኞቹ የልዑሉ፣ ደራሲውም የልዑሉ ተቀጣሪ።

የሃይድን ኦፔራ በተነሳ ቁጥር የምሰማው መልስ ያናድደኛል። «እሱ የሲምፎኒ፣ ለኦርኬስትራ ብቻ የሚጻፍ ሙዚቃ ሰው ነው፤ ኦፔራ እንደማይሆንለት ራሱ መስክሯል» ይባላል። ምስክር ተደርጎ የሚጠቀሰው በ1787 ወደ ፕራግ የላከው ደብዳቤ ነው። አስቂኝ ኦፔራ እንዲልክላቸው ቢጠይቁት፣ ኦፔራዎቹ ከኤስተርሃዛ ሰዎችና ከቦታው ጋር የተቆራኙ በመሆናቸው ሌላ ቦታ ያሰበውን ያህል እንደማይሠሩ ነገራቸው፤ በዘመኑ የነበረውን የሙዚቃ ደራሲ ሞዛርትንም ከልቡ አወደሰ። ብዙዎች ንባባቸውን እዚህ ላይ ያቆማሉ። በዚያው ደብዳቤ ግን ለፕራግ መድረክ አዲስ የኦፔራ ጽሑፍ አግኝቶ ሙዚቃውን ቢደርስለት ነገሩ ሌላ እንደሚሆን ተናግሯል። ይህ የአቅመ ቢስ ቃል አይደለም። ለአንዱ ለክቶ የሰፋውን ልብስ ለሌላው አላለብስም ያለ የጎበዝ ልብስ ሰፊ ቃል ነው።

ደግሞስ ሥራው ከግቢው በየት በኩል ይወጣ ነበር? በ1761 የፈረመው ውል ያለ ጌታው ፈቃድ ለሌላ ሰው ሙዚቃ እንዳይደርስ፣ የደረሰውንም ለማንም እንዳይሰጥ ከልክሎት ነበር። አለባበሱ ሳይቀር፣ እስከ ነጭ ካልሲውና ዱቄት የተነሰነሰበት ፀጉሩ ድረስ ተጽፎበታል። ይህ ውል ተለውጦ ሥራውን በነፃነት ማሳተም የቻለው በ1779 ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ደግሞ ቲያትር ቤቱ በእሳት ጋየ። ልዑሉ በ1790 ሲሞት ወራሹ ኦርኬስትራውን በተነ። ለአንድ ሰው ግቢ የተጻፈ ሥራ ከሰውየው ጋር አብሮ ተቀበረ፤ ጥፋቱ ግን በደራሲው ላይ ተለጠፈ።

ሥራውን እንስማው እስቲ። በሁለተኛው ክፍል ቦናፌዴ የእንቅልፍ መድኃኒት ጠጥቶ በኤክሊቲኮ አትክልት ስፍራ ይነቃል፤ ጨረቃ ላይ የደረሰ ይመስለዋል። ቫዮሊኖቹ ድምፃቸው ታፍኖ ይጫወታሉ። ሽማግሌው እየዘፈነ ያፏጫል፤ መሣሪያዎቹም ፉጨቱን እንደ ገደል ማሚቶ ይመልሱለታል። በሚስቀው ተመልካች ፊት ሃይድን ለዚህ ሞኝ ከልብ የሚያምር ዜማ ሰጠው። ሴት ልጆቹን ቤት ዘግቶ የሚያስቀምጥ ክፉ አባት መሆኑን እያወቅን እንኳ፣ ለአፍታ ደስታው ይጋባብናል። እንዲህ ያለውን «ድራማ አይችልም» ማለት ግፍ ነው።

ከዚያ ቼኮ የሚባለው አሽከር የጨረቃ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ይቀመጥና ሀብታሙን ያዘዋል። ይህን ያጀቡት ሙዚቀኞች ራሳቸው የልዑሉን ደንብ ልብስ የለበሱ አገልጋዮች ነበሩ። ልዑሉም ፊት ለፊት ተቀምጧል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ሦስተኛው ክፍል ስስ መሆኑን አልክድም፤ በንግግር መልክ የሚዜሙት ክፍሎችም ይረዝማሉ። እነሱን ማሳጠር ይቻላል። የቴሌስኮፑን ሙዚቃና የጨረቃውን ንቃት ግን አትንኩ። ትልልቅ አዳራሾችም አያስፈልጉትም፤ ሰባት ዘፋኞች፣ ደህና ኦርኬስትራና ፉጨት እስከ መጨረሻው ወንበር የሚሰማበት ትንሽ ቲያትር ይበቃዋል። የመግቢያ ሙዚቃውን ሃይድን ራሱ ወስዶ የ63ኛ ሲምፎኒው መጀመሪያ ስላደረገው፣ ኮንሰርት አዳራሾች እሱን ሲጫወቱ ኖረዋል። አሁን መጋረጃውን ይግለጡና የቀረውንም ያሰሙን።